ያልተመለሰ ጥፊ

ጨምርበት መንጃ ፈቃዱን በመስኮቱ ቀዳዳ ሲያስረክብ እጁ አልለቅ አለው። ከመስታወቱ ወዲያ የተቀመጠችው ሠራተኛ በአንዱ ጫፍ ትጎትታለች፤ እሱ በሌላው ጫፍ ይጎትታል። ከኋላ የተሰለፈው ሰው ማን እንደሚያሸንፍ ለማየት አንገቱን አሰገገ።

«ወንድሜ፣ ልቀቀው እንጂ» አለችው።

«ምን አጥፍቼ?»

«ክስ አለብህ። በሰው አካል ላይ ጉዳት ማድረስ ይላል። ክሱ እስኪቋጭ ድረስ ሰው መጫን አትችልም።»

«ተፈርዶብኛል?»

«አልተፈረደብህም።»

«ታዲያ ገና ሳይፈረድብኝ የምን ቅጣት ነው?»

«ቅጣት አይደለም፤ እገዳ ነው።»

«ልዩነቱ ምንድን ነው እቴ?»

ሠራተኛዋ ትንሽ አሰበች። «ቅጣት ሲሆን መቼ እንደሚያልቅ ይነገርሃል» አለችው።

ለቀቀው። ከቢሮው ሲወጣ ከንዴቱ የተነሳ ጥላው እንኳ ፈርቶት ራቅ ብሎ ነበር የሚከተለው። በር ላይ ያለው ጥበቃ «ደህና ዋል» ሊለው አፉን ከፈተና መልሶ ዘጋው።

ያበገነው እገዳው ብቻ ቢሆን ደግ ነበር። ያበገነው ሰውየውን አለመምታቱ ነው። ከዚያ የባሰ ያበገነው ደግሞ፣ «መታሁት» ብሎ አገር ምድሩን ያዳረሰው ሌላ ማንም ሳይሆን ራሱ መሆኑ ነው። ሰው በጠላቱ ሲናደድ ቢያንስ የሚሰድበው ያገኛል። በራሱ አፍ የተናደደ ሰው ወዴት ይሂድ?

ጨምርበት የቤት ስሙ አይደለም። ታክሲ ተራ ላይ ያወጡለት ነው። ዝናብ ጣለ ከተባለ እሱ ጋ ሲደርስ ጎርፍ ይሆናል፤ ድመት አየሁ ካሉት እሱ ነብር አሳድዷል። አምላክ ሲፈጥረው ምላሱ ላይ ለሌላ ሦስት ሰው የታሰበ ጭቃ ጨምሮበት ነው ይላሉ።

ነገሩ የጀመረው በወንበር ነው።

የታክሲው የኋላ ወንበር ተቀዶ ወደ አንድ የመኪና ወንበር ማልበሻ ቤት ወሰደው። ቤቱን የያዙት ወንድምና እህት ናቸው። ወንድምየው ይቆርጣል፣ ይወጥራል፣ ይጮኻል። እህትየው ትሰፋለች። ሰፈሩ «መርፌ» ይላታል፤ ሙያዋንም ምላሷንም አይቶ።

«ምን ቀደደው?» አለችው፣ ስፖንጁን በጣቷ ወደ ውስጥ እየመለሰች።

«አንበሳ ጭኜ ነበር።»

«አንበሳ?»

«የሰርከስ። አቅጣጫ ጠፍቶበት ነው፣ ምን ያድርግ። ጨዋ ነው፣ መስኮት እንኳ አስፈቅዶ ነው የከፈተው።»

አልሳቀችም። ክሩን በከንፈሯ አርጥባ በመርፌው ዓይን አሳለፈችና ዝም ብላ ሰፋች። እሱ ግን አንገቷን ደፍታ ስትሰፋ ያየው ነገር ልቡ ላይ ተሰፋ። በሳምንቱ ተመልሶ መጣ፤ ወንበሩ ሌላ ቦታ ተቀዷል። አንበሳው ዘመድ ሊጠይቅ መጥቶ ነው አላት። ደግሞ መጣ። በዚህኛው ጊዜ መርፌ ቅዳዱን በጣቷ ጫፍ ዳሰሰችው፤ ቀጥ ያለ፣ ንጹህ፣ አንድ ክር እንኳ ያልተነጨበት።

«ይሄ የምላጭ ነው» አለች።

ጨምርበት ምላጩ ያለበትን ኪሱን በእጁ ሸፈነ።

«አንበሳው ጢሙን ይላጫል?»

ቀና ብላ አየችው። ከዚያ ሳቀች። ሲያያት የራሱን ስም ረሳ፤ የቤቱንም የተራውንም። ከዚያ ወዲህ ወንበሩ መቀደዱን አላቆመም፤ እሷም መስፋቱን። ጨርቁን ወጥሮ እንዲይዝላት ታዘዋለች፤ እሱ ይይዛል፤ መርፌዋ ወደ ጣቱ ስትቃረብ ሁለቱም ዝም ይላሉ። ያቺ ዝምታ ተራው ላይ ካወራው ወሬ ሁሉ ትበልጥ ነበር። ለማንም አላወራትም። ስለ እሷ አንዲት ነገር እንኳ ጨምሮ አያውቅም፤ የሚጨመርበት ቦታ አልነበረውማ።

ወንድሟ ግን ዓይን አለው። ወላጆቻቸው በልጅነቷ ስለሞቱ አባትም እናትም ሆኖ ያሳደጋት እሱ ነው። ያሳደገ ሰው ደግሞ በር የሚጠብቀው ከሌባ ብቻ አይደለም።

አንድ ጠዋት ወንድምየው መሰላል ላይ ወጥቶ አዲስ ማስታወቂያ ሰሌዳ ይሰቅላል። መርፌ ከታች የመሰላሉን እግር ይዛለች። ጨምርበት ወንበሩን ተሸክሞ ከች አለ። ወንድምየው ከላይ አየው፤ መዶሻውን ሰሌዳው ጫፍ ላይ አስቀመጠ፤ ወረደ።

«ስማ፣ አንተ የምትፈልገው ወንበር ነው እህቴን?»

ጨምርበት በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይጨምርና ሳይቀንስ መለሰ። «እህትህን።»

ጧ!

ጥፊው ሲያርፍ ሦስተኛ መንደር ያሉ ውሾች ጮኹ፤ የቧንቧ ውሃ ለአፍታ ቆመ። ጨምርበት ደቃቃ ሰው አይደለም፤ ጎማ በጥርሱ ይፈታል ባይባልም በእጁ ሞተር ያወርዳል። ቡጢውን ጨበጠ። ክንዱ ተወጠረ። ከዚያ ከወንድምየው ትከሻ በላይ መርፌን አያት። ቡጢው ተፈታ።

ምንም አላለም። ወንበሩን መልሶ ጫነ፣ ሞተር አስነሳና ሄደ። በኋላ ማሳያው መስታወት አላየም። ቢያይም አይታየውም ነበር፤ ዓይኑ እንባ ሞልቶት ነበር።

እዚህ ላይ ቢያበቃ የእኛም ወሬ አጭር ይሆን ነበር። ግን ቀጥታ ወደ ተራው ሄደ፤ ጉንጩ ላይ አምስት ጣት ተስሎ።

የታክሲ ተራው ሕግ አለው፤ ያልተጻፈ፣ ግን ከተጻፈው የጠነከረ። መኪኖቹ ተሰልፈው ተሳፋሪ ሲጠብቁ ሾፌሮቹ ከዛፉ ሥር ወሬ ይሰልቃሉ። አንዱ ሲያወራ ሌላው መጨመር ይችላል፤ ማስተባበል ግን አይችልም። «ውሸት ነው» ያለ ሰው መኪናውን አስነስቶ የሰልፉ ጭራ ይሆናል። ጭራ መሆን ደግሞ ከሰዓት በኋላውን ሙሉ ዝንብ መቁጠር ነው። ስለዚህ እዚያ ዛፍ ሥር ተነግሮ ውሸት የሆነ ነገር የለም።

«ምን ነካህ?» አለው ሽበቱ፤ የተራው አንጋፋ ነው።

ተመታሁ ማለት ይቻል ነበር። ከአፉ የወጣው ግን ሌላ ነው።

«እኔን ተወኝና ያን ወንበር አልባሽ ባየኸው! ከነመሰላሉ አንስቼ ነው ያስቀመጥኩት። ማለት... የወረወርኩት።»

«አበጀህ!» አለ ራዲዮ የሚባለው፣ አፉ የማይዘጋ ሾፌር። «ድምፁ እዚህ ድረስ ተሰምቶኛል።»

ከሰዓት ላይ አንድ ተሳፋሪ ወሬ ይዞ መጣ፤ ወንበር የሚያለብሰው ሰው ከመሰላል ወድቆ ክንዱ ተሰብሯል። ተራው በአድናቆት አጨበጨበ። ጨምርበት ክው አለ። ዋሽቶ ሲያበቃ ውሸቱ እውነት ሆኖ ሲጠብቀው ያ የመጀመሪያው ነበር። አላስተባበለም። ሕጉ ነዋ! ደግሞም፣ እውነቱን እንናገርና፣ ጭብጨባው ጣፈጠው።

ወሬው ዞሮ ወንድምየው ጆሮ ገባ። እሱም ለጎረቤት «አዳልጦኝ ነው» ያለውን ረስቶ፣ የታሸገ ክንዱን ይዞ ፖሊስ ጣቢያ ሄደ። መርማሪው ወደ ተራው ሲመጣ ማን ያስተባብል? ሁሉም ጨመረ። ያልተጠየቀው ሳይቀር መሰከረ። ፈረሙም። ጓደኛቸውን እንዳያሳፍሩ ብለው አንድ ላይ ሆነው ገደል ሰደዱት።

መንጃ ፈቃዱ የተወሰደበት ዕለት፣ ጨምርበት በእግሩ ማልበሻ ቤቱ ደረሰ። ወንድምየው ሐኪም ቤት ነው። መርፌ ብቻዋን የአውቶቡስ ወንበር ጉያ ውስጥ ተቀምጣ ትሰፋለች። ቀና አላለችም።

«አገዱኝ» አላት።

«ሰማሁ።»

«ያልመታሁትን ሰው መተሃል ብለው!»

«ማን አላቸው?»

ጨምርበት መሬት ላይ የወደቀ ክር በጫማው ጫፍ ገፋ።

«እኮ ማን አላቸው? አንበሳው?»

«አንቺ ደግሞ! እዚያው ቆመሽ ያየሽ አይደለሽም እንዴ? ሂጂና እጁን አላነሳም በያቸው።»

መርፌውን ጨርቁ ላይ ሰካችውና ተነሳች።

«ያን ቀን ምን እንዳየሁ ልንገርህ? ወንድሜን በአንድ እጅ አጣጥፎ ኪሱ መክተት የሚችል ሰው አየሁ። ተመታ። ቡጢውን ጨበጠ። እኔን አይቶ ፈታው። ያኔ ነው የወደድኩህ። በአንበሳህ አይደለም፣ በቀልድህ አይደለም። ዝም ባልክባት በዚያች ደቂቃ! እና አንተ ምን አደረግክ? ሄደህ ያንን ሰው በወሬ ገደልክብኝ። በምትኩ አንድ ጉረኛ ሰጠኸኝ። ጉረኛማ ሰፈሩ ሙሉ አለ፤ ምን ያደርግልኛል?»

«ሰው ፊት ተመታሁ ልበል?»

«ሰው ፊት መታሁ ብለህ የለ?»

«ይስቁብኛል።»

«ይሳቁብህ!»

አንድ ነገር ትዝ አለው። «እሺ፣ እኔ ካልጣልኩት ታዲያ እንዴት ወደቀ?»

መርፌ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ዝምታው እንደ በፊቱ ዝምታ አልነበረም፤ ጥርስ ነበረው።

«እሱን ተወው» አለች በመጨረሻ። «ስማኝ። ያወራህላቸው ሰዎች ፊት ቆመህ እውነቱን ተናገር። ያን ጊዜ ና። አለበለዚያ ያቺን መኪና እንደ ሽንኩርት ብትከትፋት ክር አላስገባላትም።»

እሱም ተናደደ። ወጥቶ በሩን ወረወረው፤ ጠርዙ በስፖንጅ የተለበጠ ስለነበር ግን አልጮኸለትም። ይሄም ራሱ አናደደው።

እገዳውን ተቃውሞ ያስገባው አቤቱታ የሚታይበት ቀን ደረሰ። የመንጃ ፈቃድ ቢሮው መሰብሰቢያ ክፍል ጠባብ ነው፤ አንድ ረጅም ጠረጴዛ፣ የሚንቋቋ ወንበሮች፣ ጥላሸት የጠጣ መጋረጃ። የቢሮው ኃላፊ መነጽሯን አፍንጫዋ ጫፍ ላይ አድርጋለች። ወንድምየው ክንዱን በአንገቱ አንጠልጥሎ ፊት ለፊት ተቀምጧል፤ መርፌ ከጎኑ። የተራው ሾፌሮች ደግሞ ታክሲያቸውን ጥለው በሙሉ መጥተዋል። ኮሪደር ላይ ሽበቱ ጨምርበትን ትከሻውን ቸብ አድርጎት፣ «አይዞህ ልጄ፣ እኛ እናስተካክለዋለን» ብሎታል። ይሄን ሲሰማ ነው ጨምርበት እውነተኛ ፍርሃት የፈራው።

ኃላፊዋ ወረቀቱን ገለጠች። «ከእናንተ አንዱ ከነመሰላሉ ወረወረው ብሏል። ሌላው ከነመሰላሉና ከነሰሌዳው ይላል። ራዲዮ የምትባለው ማነህ?»

«አቤት የኔ እመቤት።»

«ተበዳዩ አየር ላይ እያለ ሰላምታ ሰጠኝ ብለሃል።»

«ጨዋ ሰው ነው» አለ ራዲዮ።

አንድ ሰው ሳቁን ሊውጥ ሲል አነቀው። ኃላፊዋ አልሳቀችም። «ዛሬስ ምን ልትሉ ነው የመጣችሁት?»

«ያን ቀን ከእኛ ጋር ነበር» አለ ሽበቱ በኩራት። «ተራው ላይ።»

«መርማሪው ፊት በዓይናችን አየን ብላችሁ ፈርማችኋል።»

«ከዚያ ሆነን ነዋ ያየነው!»

ኃላፊዋ መነጽሯን አወለቀች። «ይሄ ቀልድ መሰላችሁ? እዚህ ወረቀት ላይ ያለው ሰው እውነት ከሆነ፣ እናቴን እሱ መኪና ውስጥ አላሳፍርም። መንጃ ፈቃዱን የያዝኩት ለዚህ ነው። አሁን አንድ ሰው፣ አንድ ብቻ፣ የሆነውን ይንገረኝ።»

ጨምርበት ተነሳ።

ሾፌሮቹ አዩት። ከመካከላቸው የሚስቅበት አፍ የሌለው የለም። መርፌን አያት፤ እሷ እጆቿን ነበር የምታየው።

«ተመታሁ» አለ።

«ምን አልክ?»

«እኔ ነኝ የተመታሁት። እሱ በጥፊ መታኝ። አንድ። ቡጢዬን ጨበጥኩ፣ ግን አልመታሁትም። መኪናዬ ውስጥ ገብቼ ሄድኩ። እስከ ተራው ድረስ እያለቀስኩ ነው የነዳሁት። ሌላው ሁሉ ከአፌ ነው። እነዚህ ሰዎች ምንም አላዩም፤ እኔን ላለማሳፈር ብለው ነው የማሉት። እኔም ላለማፈር ብዬ ነው የዋሸሁት። አለቀ።»

መጋረጃው እንኳ መወዛወዙን ተወ። ራዲዮ አፉን ከፈተ፤ የሚጨምርበት አጣና ዘጋው። ሽበቱ ቀስ ብሎ ባርኔጣውን አወለቀ፤ ለማን እንዳወለቀ ግን እሱም አላወቀም።

«ውሸት ነው!» ወንድምየው ብድግ አለ። «ውሸታም መሆኑን አገር ያውቃል። ታዲያ ማነው የጣለኝ? ነፋስ ነው?»

«እኔ ነኝ ጋሼ።»

ወንድምየው ዞር አለ። ፊቱ ላይ የነበረው ቁጣ ጠፍቶ ሌላ ነገር ተተካ፤ ልመና የሚመስል። «ተቀመጪ» አላት በሹክሹክታ። «ተቀመጪ፣ እባክሽ።»

መርፌ አልተቀመጠችም።

«በጥፊ መታውና መልሶ መሰላሉ ላይ ወጣ። ያዢ አለኝ። ያዝኩ። ይሄ ደግሞ መኪናውን አስነስቶ ሲሄድ ለቀቅኩት። መሰላሉን ለቅቄ ተከተልኩት። ስሮጥ ከኋላዬ ሲወድቅ ሰማሁ። ሰምቼም አልተመለስኩም።» ድምፅዋ ተሰበረ፤ ግን ማልቀስ አይደለም፣ ንዴት ነበር። ወደ ጨምርበት ዞረች። «እስከ መታጠፊያው ሮጥኩ! አንድ ጫማዬ መንገድ ላይ ቀረ! ስምህን እየጠራሁ፣ ሰው እያየኝ! ዞር ብለህ ብታይ ምን ነበረበት? ያ መስታወት መኪናህ ላይ የተሰቀለው ለጌጥ ነው?»

ጨምርበት ዘጭ ብሎ ተቀመጠ። ወንበሩ ተንቋቋ።

«እና እስከ ዛሬ ለምን ዝም አልሽ?» አለች ኃላፊዋ።

«ያሳደገኝን ሰው ክንድ ሰበርኩ ብዬ እንዴት ልናገር? ይሄኛው ደግሞ እኔ ሰበርኩት እያለ ይፎክራል። ቀልሎኝ ነበር። አፍራለሁ፣ ግን ቀልሎኝ ነበር።»

ሁሉም ወንድምየውን አየ። የታሸገ ክንዱን በደህና እጁ አቅፎ፣ ወለሉን እያየ ቆሟል። ሲናገር ድምፁ እንደ ወትሮው አይጮኽም።

«አውቅ ነበር» አለ። «ከላይ ሆኜ ጀርባዋን እያየሁ ነው የወደቅኩት። ግን በሰው ተመታሁ ማለት ይሻለኛል፤ እህቴ ለቀቀችኝ ከማለት።»

ወደ ኃላፊዋ ጠረጴዛ ተጠጋ። «ጻፊው። ራሴ ነኝ የወደቅኩት በይ። እሷን አትጻፊ።» ወጣ። በእህቱ አጠገብ ሲያልፍ አላያትም። እጇን ዘረጋች፤ እጅጌው ነካ አድርጓት አለፈ።

ኃላፊዋ ለረጅም ጊዜ ጻፈች። ከዚያ ወረቀቱን ዘጋች።

«ይሄን ለዐቃቤ ሕግ እልካለሁ። እናንተ ሾፌሮች በሐሰት የፈረማችሁትን ራሳችሁ ሄዳችሁ ታስተካክላላችሁ፤ ስለዚያ የሚጠይቃችሁ ሰው አለ። መንጃ ፈቃዱ ክሱ እስኪነሳ እዚሁ ይቆያል።»

«ምን?» አለ ጨምርበት። «እውነቱን ነገርኩሽ እኮ!»

«ሰማሁ።»

«ንጹህ ነኝ!»

«ይመስለኛል። ግን ንጹህ ነህ ማለት የፍርድ ቤት ሥራ ነው።»

«ታዲያ ውሸቱን ስናገር በአንድ ቀን ነበር የነጠቃችሁኝ! እውነቱ ለምንድን ነው እንዲህ የሚያነክሰው?»

ኃላፊዋ መነጽሯን አደረገች። «ይሄን እኔም እጠይቃለሁ» አለች፤ መሳቢያዋን ቆለፈች።

ግቢው ውስጥ ሾፌሮቹ ተኮልኩለው ጠበቁት። ማንም አልሳቀም። ራዲዮ የታክሲውን በር ከፍቶ «ግቡ፣ ላድርሳችሁ» አለ። መርፌ ሳትመልስለት አልፋ ሄደች። ጨምርበት በግማሽ ሩጫ ተከተላት፤ በእግር መሄድ ስላልለመደ ያለከልካል።

«ቆይ እንጂ!»

«አሁንም ተናድጃለሁ።»

«እኔም ተናድጃለሁ።»

«በማን?»

«በሁሉም። በመስታወቱ። በራሴ።» ከጎኗ ደረሰ። «ስሜን ጠራሽ?»

«ሰፈሩ እስኪሰማ።»

«የትኛውን ስሜን?»

«እናትህ ያወጣችልህን ነዋ!» አለች፤ አሁንም እየጮኸች። «ጨምርበት እያልኩ የምሮጥ መሰለህ?»

መንታ መንገዱ ላይ ቆመች። በግራ በኩል ማልበሻ ቤቱ ነው፤ ወንድሟ በሩን ዘግቶ እንደሚጠብቃት፣ ወይም ከፍቶ እንደማያናግራት ታውቃለች። በቀኝ በኩል ተራው ነው፤ መንጃ ፈቃድ ለሌለው ሰው እዚያ ጥላ እንጂ ሥራ የለም። መኪኖች ጡሩምባቸውን እየነፉ ያልፏቸዋል።

«እኔ ቤት የለኝም፤ አንተ ሥራ የለህም» አለች። «አሁን ወዴት ነው የምንሄደው?»

ጨምርበት አፉን ከፈተ። ምላሱ ላይ ሦስት ቤተ መንግሥትና አንድ መርከብ ተዘጋጅተው ቆመው ነበር፤ መርከቡ እንዲያውም ጡሩምባውን ነፍቷል። ዋጣቸው። ጉሮሮውን አሳመሙት።

«አላውቅም» አለ።

መርፌ ዓይኑን አየችው፤ እንደዚያ ረጅም ጊዜ አይታው አታውቅም። ንዴቷ ፊቷ ላይ ነበር፤ ግን ቀስ እያለ ቦታ ይለቅ ጀመር።

«አመንኩህ» አለችው።

ክንዱን ያዘች። መኪኖቹ ቆመው እስኪያሳልፏቸው ሳትጠብቅ ጎትታው ወደ መንገዱ ገባች። አንዱ ሾፌር ፍሬን ይዞ በመስኮት ሰደባቸው። ጨምርበት ዞር ብሎ አላየውም። ያቺ ክንዱን የያዘችው እጅ ወዴት እንደምትሄድ እያየ ነበር።